ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ሲገጭህ

ያለፈው ግንቦት ማምሻ ላይ ከሎግያ ወደ ሰመራ ስመለስ አንድ ፒካፕ ከኋላ ገጨኝ። ፀሐይ ገብታለች፣ አስፋልቱ ግን ገና እንደ ምጣድ ይፋጃል። ወርጄ ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው የፊት መስታወቱ ላይ ነው። የሦስተኛ ወገን ወረቀት በሚለጠፍበት ቦታ የቀረው የደረቀ ሙጫ ብቻ ነው። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። «ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ መኪናዋ የኔ አይደለችም» አለኝ። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ስልክ አነሳ፣ ከዚያ በኋላ ዘጋው። የፓራውልቱንና የፍሬቻውን ወጪ የቻልኩት ከልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ቀንሼ ነው።

እኔም እንደ ብዙዎቻችን ሦስተኛ ወገን ብቻ ነበር የገባሁት። ሦስተኛ ወገን ደግሞ እኔ ለምጎዳው ሰው እንጂ ለኔ አይደለም። ይህን ያወቅኩት ከተገጨሁ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

እውነት ለመናገር ሕጉ ጨርሶ አልረሳንም። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የመድን ፈንድ የሚባል አለው። ኢንሹራንስ የሌለው ወይም ገጭቶ ያመለጠ መኪና ሰው ቢጎዳ ተጎጂው፣ ቢሞትም ወራሾቹ፣ ከፈንዱ ካሳ ይጠይቃሉ። አዋጁ ሲወጣ የሞት ካሳው ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር። ትልቅ ነገር ነው። ግን ፈንዱ የሚያየው አካልና ሕይወትን ነው፤ የተጨረማመተ መኪናን አይጠግንም።

«ክሰሰው» ያሉኝ አሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 ሁለት መኪና ሲጋጭ የሚነሳው ሁለቱም እኩል አጥፍተዋል ከሚል ግምት ነው፤ ጉዳቱን ግማሽ በግማሽ ያካፍላል። ጥፋቱ የዚያኛው ነው የምትል ከሆነ አስረዳ። እሺ፣ አስረድቼ ረታሁ እንበል። ከመኪናዋ ሌላ ምንም የሌለው ሰው ከምኑ ይከፍለኛል?

ስለዚህ የኔ መልስ ግልጽ ነው፤ እንጀራህ በመኪናህ ከሆነ ሙሉ ኢንሹራንስ ግባ። ከአዋሽ በሚሌ አድርጎ ጋላፊ የሚደርሰው መንገድ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ የሚመላለስበት ነው፤ ቀንና ሌሊት ተሳቢ አይጠፋበትም፣ ግመሉም ይሻገርበታል። ከጂቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና ድንበር የሚሻገርበት ኢንሹራንስ፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ፣ አለው። እኔን የሚያሰጋኝ ወረቀቱ ያለፈበት የሰፈራችን መኪና ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለህ ድርጅቱ ላንተ ከፍሎ አጥፊውን ራሱ ይከሳል። መኪናህ አርጅታ ዋጋዋ ከወረደ ግን የዓመቱን አረቦን ከዋጋዋ ጋር አስተያይ፤ ካልተመጣጠነ ገንዘቡን ለብቻ ብታስቀምጠው ይሻላል። ከመፈረምህ በፊትም ከራስህ ኪስ የምትችለው ድርሻ ስንት እንደሆነ ጠይቅ።

ባለመኪኖች ሆይ፣ ስትጋጩ የሰሌዳውንና የመስታወቱን ፎቶ አንሱ፣ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን እስኪያነሳ በመንገድ ዳር ሽምግልና ብቻ አትለያዩ። ሰው ከተጎዳ ግን ሁሉንም ትታችሁ ዱብቲ ሆስፒታል አድርሱት። የገጨው መኪና ኢንሹራንስ ኖረውም አልኖረውም፣ አዋጁ ለተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና በነጻ እንዲሰጠው ያዛል።