ላምባ፣ ቆቃና የአዳማ ነፋስ

ያደግሁት ከሞጆ ወደ ቆቃ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ አያቶቼ እማማና አባባ ቤት ነው። ማታ ማታ የምናበራው ኩራዝ ነበር፤ ከመድኃኒት ብልቃጥና ከአሮጌ ነጠላ በተገመደ ክር የተሠራ። አጠገቡ ሆኜ ሳጠና ካመሸሁ ጠዋት አፍንጫዬ ጥላሸት ነው። ላምባ መግዛት የእኔ ሥራ ነበር። ጠርሙሱ ቡሽ ስላልነበረው በበቆሎ ቆረቆንዳ እወትፈዋለሁ፤ ቤት ስደርስ እማማ ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርገው ስንት ጣት እንደሞላ ያያሉ። ማታ ደግሞ «አንተ ልጅ፣ ክሩን ዝቅ አድርገው፤ ለነገም ይደርሰን» ይሉኛል።

የካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ቤንዚን ተወደደ ብለው ሥራ አቆሙ። በመካከለኛው ምሥራቅ በተነሣው ጦርነት ሳቢያ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ገደማ ንሮ ነበር። ይህን ያወቅሁት አድጌ ነው። ያኔ የገባኝ ኩራዙ ከወትሮው ቀድሞ መጥፋቱ ብቻ ነበር።

ከቤታችን ጀርባ ግን ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ትልልቅ የብረት ምሰሶዎች ያልፉ ነበር። ኃይሉ ከቆቃ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ወደ መንደራችን አይወርድም። አንድ መምህራችን ግድቡን ሊያሳዩን ወሰዱን። ቆቃ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ 43 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ ግድብ ነው። ወለሉ ከእግሬ በታች ሲንቀጠቀጥ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ ውሃው አረፋ እየደፈቀ ሲወጣ አየሁ። «አሁን ይሄ ውሃ አለቀ ማለት ነው?» አልኳቸው። «የት ያልቃል! ገና ወንጂ ሸንኮራ ያጠጣል፣ ከዚያ ወርዶ አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የሚባሉትን ማመንጫዎች ያዞራል» አሉኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስከዛሬ አልረሳውም። የእኛ ላምባ አንዴ ከነደደ ጥላሸትና ጭስ ነው፤ ምድር ውስጥ ለመፈጠር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት የፈጀበት ነገር በአንድ ምሽት ያልቃል። የአዋሽ ወንዝ ግን ሥራውን ሠርቶ ለሌላ ሥራ ይሄዳል፤ በክረምት ደግሞ ይሞላል።

ነገሩ ሁሉ እንዲህ የቀና እንዳልሆነ ያስተማረኝ እንጨት ነው። እንጨት ይበቅላልና ታዳሽ ይባላል። እኔ ልጅ ሳለሁ ቅርብ የነበረው ቁጥቋጦ ግን እያደር ራቀ፤ እማማም ጭራሮ ሲያጡ ለማሳው ማዳበሪያ የሚሆነውን ኩበት ማንደድ ያዙ። ከሚበቅለው በላይ የሚቆረጥ እንጨት ከነዳጅ በምን ይሻላል? ደኑ ከተራቆተው ደጋ የታጠበው አፈር ደግሞ በአዋሽ ወርዶ ቆቃ ውስጥ ተኝቷል፤ ሐይቁ ውሃ መያዣውን ብዙ አጥቷል። ስለዚህ ስለ ግድብ ሲወራ ዛፍ ሳይነሣ ሲቀር ይከነክነኛል።

ነፋስን ያወቅሁት በአውድማ ነው። አባባ የተበራየውን ጤፍ ከምረው፣ ላይዳቸውን ይዘው ነፋስ ይጠብቃሉ። ሲመጣ ወደ ላይ ይበትኑታል፤ ገለባው ወደ ጎን ይሄዳል፣ ፍሬው እግራቸው ሥር ይወርዳል። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ በአዳማ ኮረብታዎች ላይ 34 የነፋስ ተርባይኖች ቆመው 51 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋ ዋት ተጨመረ። ከሁሉ የገረመኝ ወቅቱ ነው። ነፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው፤ የግድቦች ውሃ የሚጎድለውም በበጋ። አንዱ ሲደክም ሌላው ይደርስለታል። አባባ በሕይወት ቢኖሩ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም ነበር።

ባለፈው ፋሲካ እዚያው መንደር እህቴ ቤት አደርኩ። አምፖል አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፤ እንጀራው ግን አሁንም በእንጨት ይጋገራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ በበዓል ዋዜማ ሁሉም ቢሰካ የመንደሩ ትራንስፎርመር አይችለውም። ተርባይኖቹን ባየሁ ቁጥር እኮራለሁ። አሁን ግን ወደዚያ ስደውል አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ትራንስፎርመሩ ነው።