የአዳማ መንገድና የሩቅ አገር ዘመን መለወጫ

የጥምቀት በዓል አልፎ የሐበሻ ቀሚሳችሁ ታጥቦ ወደ ሣጥኑ ሲመለስ፣ በመካከላችን ሌላ ዘመን መለወጫ እንደሚከበር አስተውላችሁ ይሆን? ቻይናውያን «የጸደይ በዓል» የሚሉት ይህ ዕለት በጨረቃ ስለሚቆጠር ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ በ2017 ዓ.ም. ጥር 21፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የካቲት 10 ቀን ነበር።

በአገራቸው በዓሉ የጉዞ በዓል ነው። በፋብሪካና በግንባታ ሥራ ላይ የሚውለው ሁሉ ለዋዜማው ማዕድ ለመድረስ ወደ ትውልድ መንደሩ ይጎርፋል፤ የጉዞው ወቅት 40 ቀን ያህል ይቆያል። አያት፣ ወላጅና ልጅ አብረው ይቆርሳሉ። ለልጆች በቀይ ፖስታ የታሸገ ገንዘብ ይሰጣቸዋል፤ የእኛ ልጆች በእንቁጣጣሽ የአበባ ሥዕል ይዘው የሚቀበሉትን ስጦታ ያስታውሰናል።

አዳማና አካባቢዋ ለሚሠራው ግን ሥራው ፋታ የማይሰጥበት ዓመት ይኖራል። ያን ጊዜ አንዳንዱ ቤተሰብ ጉዞውን ይገለብጠዋል፤ አባት ወደ ቤቱ በመሄድ ፈንታ እናትና ልጆች ወደ እርሱ ይመጣሉ። እስቲ እንዲህ ያለችውን እናት በዓይነ ኅሊናችሁ ተከተሏት።

ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው የፍጥነት መንገድ ወደ አዳማ ያወርዳታል። መንገዱን የሠራው የቻይና ተቋራጭ ነው። ከከተማዋ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ ነጫጭ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይሽከረከራሉ። በ2004 ዓ.ም. 34፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች 102 ተተክለው በጠቅላላው 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም በአዳማ በኩል ያልፋል። ልጆቹ «አባታችን ስንት በዓል ቀረብን!» ሲሉ የነበረው እንዲህ ባለው ሥራ ነው። እኛ መብራት አብርተን የምናድርበትና በሰዓታችን የምንደርስበት መንገድ ከአገራችን ሠራተኞች ላብ ጋር የእነዚህም ልጆች ናፍቆት አለበት።

ከአዳማ ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ ጉዞው አጭር ነው። ልጆች በዋናው ገንዳ ይደሰታሉ፤ አዋሽ ወንዝ ግን አዞ አለበትና ወደ ዳርቻው መጠጋት አይገባም። ከዚያ ወደ ሞጆ ተመልሶ በመቂ በኩል ወደ ደቡብ የታጠፈ ሰው ባቱ ይገባል። ደንበል የሚባለው የዝዋይ ሐይቅ ወፎችና ደሴቶች ዓይን ያጠግባሉ፤ ጉማሬና ቢልሃርዚያ ስላለበት ግን የሚታይ እንጂ የሚዋኙበት አይደለም። ለዋና ቤተሰቦች የሚመርጡት ላንጋኖን ነው። ውኃው ደፍርሶ ቀላ ቢልም ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ ይታወቃል። በአቅራቢያው ያለው የአብያታ–ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ የፍላሚንጎ መንጋ የሚታይበት ነው፤ የአብያታ ሐይቅ ውኃ ግን ከቀድሞው እጅግ ሸሽቷል።

እናቶች አንድ ነገር ልብ በሉ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን ከመጠን በላይ ይገኛል። ለጥቂት ቀን የመጣን እንግዳ አያሳስበውም፤ በአካባቢው ለዓመታት የሚኖር ሕፃን ግን ሲያድግ ጥርሱ ይበልዛል፣ ሲብስም አጥንቱ ይጎዳል። ውኃውን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም። ስለዚህ ኑሯችሁ በዚያ ከሆነ የምትቀዱት ውኃ የተመረመረ መሆኑን በአካባቢያችሁ የጤና ባለሙያን ጠይቁ፤ በተለይ ጥርሳቸው ገና በመሠራት ላይ ላሉ ሕፃናት።

ያቺ እናት ልጆቿን ይዛ ስትመለስ አባት እንደገና ብቻውን ይቀራል። ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በቻይና መንደሮች ወላጆቻቸው ለሥራ ርቀው በአያት እጅ የሚያድጉ ልጆች እንዳሉ ሁሉ፣ በእኛም አገር እናታቸው ዓረብ አገር ሄዳ ከአያት ጋር ፋሲካን የሚውሉ ልጆች በየጎረቤቱ አሉ። ከገጠር መጥታ በአዳማ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ልጇን ለእናቷ ትታ በዓልን በተከራየችው አንዲት ክፍል የምታሳልፍ እኅትም አለች።

እንግዲህ በሚቀጥለው በዓል ስንት ኪሎ ሥጋ፣ ስንት ዶሮ ብለን ከማሰባችን በፊት ማን ከማዕዱ እንደጎደለ እንቁጠር። የራቀው መምጣት ካልቻለ፣ አቅም እስከፈቀደ ልጆቹን ወደ እርሱ እንውሰዳቸው፤ ይህም ካልሆነ እናቷ የራቀችበትን ልጅ ከልጆቻችን መሶብ ዙሪያ እናስቀምጠው። በዓል በሬ በታረደበት ሳይሆን ቤተሰብ በተገናኘበት ይደምቃልና።