ያልደረሰ ስለት

ታኅሣሥ 17፣ ድሬዳዋ

ድሬዳዋ በታኅሣሥም ቀን ቀን ይሞቃል። ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ የጫማዬን ክር ሳጠብቅ አንድ ባለባጃጅ ቀስ ብሎ አጠገቤ ቆመና፣ «አቦ፣ በእግር ነው? ገብርኤል ይቅደምልህ!» ብሎኝ አለፈ። ግባ ላድርስህም አላለኝ። በዚህ ሰሞን በዚህች ከተማ ነጠላ አጣፍቶ፣ በትር ይዞ የሚታይ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል።

ከአዲስ አበባ የመጣሁት በእናቴ ምትክ ነው። እናቴ የኩላሊት እጥበት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ በሳምንት ሦስት ቀን። ጤና ሳለች ታኅሣሥ ገብርኤልን ከቁልቢ ቀርታ አታውቅም ነበር። አሁን ጉዞዋ ከአልጋዋ እስከ እጥበቱ ክፍል ነው። ከቤት ስወጣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሰባት ጧፍ ሰጠችኝ። «ምን ብዬ ልሳልልሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «ጧፉ እንዳይሰበር» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ይህን ማስታወሻ ስጀምር አንድ ነገር ልናዘዝ። በነዚህ ሁለት ዓመታት ጸሎቴ ደርቋል። ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ልቤ ግን የመድኃኒት ሂሳብ ላይ ነው። ስለትም ቢሆን እየከበደኝ መጥቷል፤ «ይህን ስጠኝ፣ ይህን እሰጥሃለሁ» ማለት የገበያ ቃል እየመሰለኝ። በመኪና ሄጄ በመኪና መመለስ እችል ነበር። በእግር ልሂድ ያልኩት፣ ምናልባት መንገዱ ውስጥ የሆነ ቦታ የጠፋብኝን አገኘው እንደሆን ብዬ ነው።

ከድሬዳዋ ቁልቢ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚከብደው ግን ርቀቱ ሳይሆን ዳገቱ ነው። ከተማዋ ራሷ የዚህ ዳገት ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከግርጌው ደረሰ፣ ድሬዳዋም እዚያው ተቆረቆረች። ባቡሩ የተወውን ዳገት እኛ መንገደኞች ማታ በእግራችን ልንጀምረው ነው።


ታኅሣሥ 17 ለ18፣ ሌሊት፣ የደንገጎ ዳገት

ሌሊቱን የመረጥነው ፀሐዩን ሸሽተን ነው። መንገዱ እየተጣጠፈ ይወጣል። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች ከላይ ሲወርዱ ሁላችንም ወደ ተራራው እንለጠፋለን፤ ካለፉ በኋላ የእርጥብ ቅጠል ሽታ ይቀራል። ከፊታችን ያሉ ሴቶች መዝሙር ይዘዋል። ዳገቱ ሲበረታ መዝሙሩ ይቋረጥና ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ለጥ ያለ ቦታ ሲገኝ ካቆመበት ይቀጥላል።

እማማን ያገኘኋቸው መዝሙሩ እንዲህ በተቋረጠበት በአንዱ ጊዜ ነው። ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል፤ ጀርባቸው ላይ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ እሽግ አለ። ከእሽጉ ናፍታሊን ይሸታል፤ በዚያ በጨለማ፣ በዚያ በተራራ አየር መሐል የልብስ ሣጥን ሽታ።

«እማማ፣ ትንሽ ላግዝዎት» አልኳቸው።

«ተው ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይኼን ሌላ ሰው ይዞልኝ አያውቅም።»

ከዚያ በኋላ አብረን ሄድን። በየመሐሉ እያረፉ ያወሩልኝን፣ ደንገጎ ደርሰን ሻይ ስንጠጣ በባትሪ ብርሃን ጽፌዋለሁ።

ልብስ ሰፊ ናቸው። ቤታቸው ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበር። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ሞልቶ መጣና ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። የእማማን ቤትና የስፌት መኪናቸውን ወሰደ፤ ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው ወጡ። «ያን ሌሊት እሱን አዝዬ ስወጣ ከእንግዲህ ምንም አይወስድብኝም ብዬ ነበር» አሉኝ። እቁብ ጥለው፣ ሦስት ዓመት ሰው ቤት ልብስ አጥበው፣ ሌላ መኪና ገዙ።

ልጁ በ2007 ዓ.ም. ወጣ። በጅቡቲ በኩል፤ ብዙ የዚህ አገር ልጅ በሚሄድበት መንገድ።

«ኦቦክ ደርሻለሁ ብሎ ደወለልኝ። ማታ በጀልባ እንሻገራለን፣ የመን ስገባ እደውላለሁ አለኝ። በቃ።»

የመን በዚያው ዓመት ጦርነት ውስጥ ገባች። ባሕሩ ይሁን ጦርነቱ፣ ወይም ሌላ ነገር፣ የሚያውቅ የለም። «ሞተ ያለኝ የለም፣ አለ ያለኝ የለም። ተዝካር ላወጣለት እልና፣ በሕይወት ላለ ሰው እንዴት ብዬ እፈራለሁ። ዝም ልል እልና፣ ሞቶ ከሆነ ማን ያስብለዋል ብዬ እፈራለሁ።»

እንዲህ ያለ ኀዘን ድንኳን አይተከልለትም። ጎረቤት ቡና ይዞ አይመጣለትም፣ አርባ የለው፣ ሰማንያ የለው። ሰው ለቅሶ ሲቀመጥ ቢያንስ የሚነሣበት ቀን ይኖረዋል። እማማ ግን ተቀምጠው የሚያለቅሱበት ቀን እንኳ አልተሰጣቸውም።

እሽጉ መጋረጃ ነው። ድምፁን አሰማኝ እንጂ ለመቅደስህ መጋረጃ በእጄ ሰፍቼ አመጣለሁ ብለው ተሳሉ፤ ሰፉትም። ስልኩ ግን አልደወለም። በየዓመቱ መጋረጃውን አዝለው ቁልቢ ይወጣሉ፣ መልሰው አዝለውት ይወርዳሉ።

ለምን ቤት እንደማያስቀምጡት ጠየቅኋቸው። ጥያቄው ገርሟቸው አዩኝ።

«እዚያ ሳለሁ ቢደውልስ? ድምፁን ሰምቼ፣ መጋረጃዬን ቤት ረስቼው ብገኝስ?»


ታኅሣሥ 18፣ ረፋድ

ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ሐረር፣ ቀኙ ቁልቢ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከግራ ከቀኝ በእርከን የተተከለ ጫት፣ አገዳው ብቻ የቀረ የማሽላ ማሳ። ከአንድ ቤት ደጅ አንዲት እናት ጀሪካንና ጣሳ ይዘው መንገዱ ዳር ተቀምጠው አላፊውን ሁሉ፣ «ኮቱ፣ ቢሻን ዱጊ» ይላሉ፤ ና፣ ውኃ ጠጣ። ሙስሊም ናቸው። የቁልቢ መንገደኛ በደጃቸው ሲያልፍ ውኃ ማቅረብ ከእናታቸው የወረሱት ነው።

እማማን ያውቋቸዋል። ተሳስመው፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ተጠያየቁ። እማማ ራሳቸውን ወደ ጎን ነቀነቁ፤ አልደወለም ማለት ነው። ሴትዮዋ የእማማን እጅ ይዘው «ሶብር» አሉ። ደገሙት፣ «ሶብር፣ እህቴ።» አንድ ቃል ብቻ። ምክር አልጨመሩበትም። ከዚያ ጣሳውን ሞልተው ሰጧቸው።

ልብ ያልኩት ሌላ ነገር አለ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ለእናቴ ሕመም «አይዞህ፣ ያልፋል» ያሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን «ያልፋል» ነገን የሚያውቅ ሰው ቃል ነው። እኚህ ሴት ነገን አናውቅም በሚል ፊት ነው ጣሳውን የዘረጉት። ውኃው ጥሩ ነበር፤ እኔም ሁለት ጣሳ ጠጣሁ።


ታኅሣሥ 18፣ ማታ፣ ቁልቢ

ከሩቅ ኮረብታው ነጭ ለብሷል። ቀረብ ሲሉ ነጭነቱ ሰው ነው። ድንጋይ በትከሻቸው የተሸከሙ፣ በጉልበታቸው የሚወጡ፣ ጃንጥላና ሻማ ከፍ አድርገው የያዙ። አንድ ወጣት ድንጋዩን አጥሩ ሥር አውርዶ ላቡን ሲጠርግ ለምን እንደተሸከመ ጠየቅሁት። ባገባ በዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ተሰጥቶታል፤ ሚስቱ ሕፃኑን አቅፋ ከኋላው ቆማለች፣ ነገ ክርስትና ይነሣል። ስለቱ ሰመረ። ደስታው ተጋባብኝ፤ የሕፃኑን እግር ሳምኩ። ከእማማ አጠገብ ቆሜ ስለነበር ግን ዓይናቸውን ማየት ፈራሁ። እሳቸው ቀድመውኝ እልል አሉ፤ ረጅም እልልታ።

ራስ መኮንን በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ እዚህ ተስለው፣ ከድሉ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን አሠሩ ይባላል። ይህን ሁሉም ይናገረዋል። ብዙ የማይነገረው ቀጣዩ ነው። በ1898 ዓ.ም. መጋቢት ራስ መኮንን ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ታመው፣ ያረፉት እዚሁ ቁልቢ ነው። ልጃቸው ተፈሪ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ስለታቸው የሰመረበት ቦታና ነፍሳቸው የወጣችበት ቦታ አንድ ነው። ይህን ሳስብ ቁልቢ የተሰጣቸው ሰዎች ብቻ የሚመጡበት ቦታ አለመሆኑ ገባኝ።

ማታ ሰባኪው ስለ ሠለስቱ ደቂቅ አስተማሩ፤ በዓሉ የሚዘከርበት ታሪክ ነውና። አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል፤ የባቢሎኑ ንጉሥ ለምስሉ ስገዱ፣ አለዚያ እሳት ውስጥ ትጣላላችሁ ሲላቸው፣ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነን እንኳ አንሰግድም እንዳሉ። ታሪኩን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ዛሬ ግን ያ «ባያድነን» የሚለው ቃል ያዘኝ። እነዚያ ልጆች ከእሳቱ እንደሚወጡ ሳያውቁ ነው የገቡት። ስለት አልተሳሉም። በምላሹ ምንም አልጠየቁም።

ብርድ ልብስ ተጋርተን ተቀምጠን ሳለን ይህን ለእማማ አልኳቸው። ሳስበው የቆየሁትንም ጨመርኩ፤ መጋረጃውን ዘንድሮ ለምን አይሰጡትም? ገብርኤል ይቀበላል፣ እርስዎም ያርፋሉ።

ብዙ ሰው እንዲህ ብሏቸዋል መሰለኝ፣ አልተቆጡም።

«ልጄ፣ መልአኩ መቼ ነው የመጣላቸው?»

«እሳቱ ውስጥ እያሉ።»

«አዎ። ከመግባታቸው በፊት አልመጣም። ደጃፉ ላይ ቆሞ አልጠበቃቸውም። እሳቱ ውስጥ ገብተው ነው አራተኛ ሆኖ የተገኘው።» ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «እኔ ገና ውስጥ ነኝ። ግን አልተቃጠልኩም። ጠዋት ተነሥቼ እሰፋለሁ፣ የሰው ሠርግ እሄዳለሁ፣ የጎረቤት ልጅ አሳድጋለሁ። ይኼን ሁሉ በራሴ ጉልበት ይመስልሃል? ማን አብሮኝ እንዳለማ አውቃለሁ። መጋረጃው የልጄ ነው። የእኔን ምስጋና በየዓመቱ እሰጣለሁ፣ እሱ ሌላ ነው።»

ዳገቱን ሲወጡ ጫማቸውን ለምን እንዳወለቁ ያኔ ነገሩኝ። የእሳቸው ስጦታ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራንም። ማኅሌቱ ተጀመረ፤ ከበሮው ከርቀት፣ ከመሬቱ በኩል ይሰማል። እማማ መጋረጃውን ተንተርሰው ተኙ። እኔ አልተኛሁም። ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ነገር ሳልጠይቅ ቆየሁ፤ ከእናቴ ጋር እጥበት ክፍል ስገባ ያለነው ሁለት ብቻ አለመሆናችንን እያሰብኩ። ልቤ ሂሳብ አልቆጠረም። ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ ሆነ ብዬ አልጽፍም።


ታኅሣሥ 19፣ ጠዋት

ታቦቱ ወጣ። እንደዚያ ያለ እልልታ በጆሮ ብቻ አይሰማም፤ ደረት ይነካል። ካህናቱ በወርቃማ ጃንጥላ ሥር ሲዞሩ ሕዝቡ እንደ ማዕበል ሰገደ። ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ድምፅ ማጉያው የመጣውን ስለት ይጠራል።

ጋዜጣውን ስፈታ ከሰባቱ ጧፍ አንዱ ተሰብሮ አገኘሁት። ሁሉንም አበራሁና ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ። እናቴ እጥበት ላይ ነበረች፤ የማሽኑ ድምፅ ከኋላ ይሰማል።

«ጧፉ ደረሰ?»

«ደርሷል። አንዱ ተሰብሯል፣ ይቅርታ።»

«እና ጣልከው?»

«አይ፣ ሁለቱንም ቁራጭ አበራሁት።»

«እንግዲያው ስምንት ሆነ» አለች። ድምፅዋ ደክሟል፣ ግን ስትስቅ ሰማሁ። ስልኩን ወደ ላይ አንሥቼ እልልታውን አሰማኋት፤ እስኪበቃት ድረስ፣ ሂሳቤ እስኪያልቅ።


ታኅሣሥ 19፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ሕዝቡ መውረድ ጀምሯል፤ አውቶቡሶቹ ረዳቶቻቸውን አስቀድመው ይጣራሉ። እማማን ያገኘኋቸው ከኮረብታው ግርጌ፣ በጄኔሬተር ስልክ ቻርጅ ከሚያደርግ ልጅ አጠገብ ነው። መጋረጃውን ጭናቸው ላይ ዘርግተውታል። በፀሐይ ሳየው ቀይ ነው፣ ዳርና ዳሩ በቢጫ ክር ተጠልፏል፤ አንድም ብል አልነካውም። በየእጥፋቱ አዲስ ናፍታሊን እያስቀመጡ መልሰው ያጥፉታል። በዝናብ ወራት በየሳምንቱ አውጥተው በጥላ እንደሚያናፍሱት፣ ፀሐይ ግን ቀለሙን እንደሚያስለቅቀው አስረዱኝ።

ልጁ ስልካቸውን ነቅሎ ሰጣቸው። ቁልፎቹ ተፍቀው ቁጥራቸው የማይነበብ፣ በጎማ የታሰረ አሮጌ ስልክ ነው፤ የመሥመሩ ቁጥር ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ አልተቀየረም።

«ከግማሽ በላይ ሆኗል እማማ፣ ድሬ ያደርስዎታል።»

እማማ ስልኩን አዩት፣ መለሱለት።

«መልሰህ ሰካው የኔ ልጅ። እስኪሞላ እጠብቃለሁ።»