«ብዙ ዘነበ» ስንት ነው?



ዛሬ ስለ ዝናብ እናወራለን። «ስለ ዝናብ ደግሞ ምን ይወራል?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ ላደገ ሰው ዝናብ ወሬ አይሆንም። በልግ ከገባ ጃንጥላ ከእጅ፣ ጭቃ ከጫማ አይለይም። ሌሊቱን ሲያወርደው ካደረ፣ ጠዋት ከሱብሒ ሶላት ስንወጣ የምንባባለው አንድ ነገር ነው፦ «ኧረ ትናንት ብዙ ዘነበ!» ከዚያ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይበተናል።

እኛ ጥቂት ጓደኛሞች ነን፤ ግማሻችን ሚዛን፣ ግማሻችን ቴፒ። ከመካከላችን መምህር አለ፣ ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ ቡና የሚነግድ አለ፣ ተማሪዎችም አሉ። የአየር ሁኔታ ባለሙያ ግን አንድም የለንም። ያደረግነው ነገር ቢኖር «ብዙ ዘነበ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ አንድ ጥያቄ መጨመር ነው፦ ስንት? ይህቺ ጥያቄ የት እንዳደረሰችን ልናካፍላችሁ ወደድን።

*ዝናብ የማያስገርምበት አገር*

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከአገራችን እጅግ ዝናባማው አካባቢ ነው። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፤ አብዛኛውም በክረምት የሚወርድ ነው። የእኛ አካባቢ፣ ከቴፒ ቆላ እስከ ማሻ ደጋ፣ ከ1,500 እስከ 2,000 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዱም ቦታ ከዚያ በላይ ያገኛል። ዝናቡ በየካቲትና በመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምትና ኅዳር ይዘልቃል። ሌላው አገር በልግና ክረምትን ለይቶ ይቆጥራል፤ እኛ ዘንድ ግን በልጉ ሳይቋረጥ ከክረምቱ ይገጥማል። እርጥበት የተሸከመው አየር ከጋምቤላ ሜዳ ወደ ሸካ፣ ቤንችና ከፋ ከፍታዎች ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ያወርዳል። ደኑም በበኩሉ እርጥበቱን መልሶ ለአየሩ ያቀብላል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዝናብ ብርቅ በሆነበት አገር ከባድ ዝናብ ሲመጣ ሰው ይደነግጣል። ዝናብ የዘወትር በሆነበት አገር ግን አደገኛው ዝናብ ከዘወትሩ ጋር ተመሳስሎ ይገባል። የቆርቆሮው ድምፅ ያው ነው፣ ጨለማው ያው ነው። የሚለየው መጠኑ ነው፤ መጠንን ደግሞ ጆሮ አይለካም።

*እንዴት እንለካለን?*

መለኪያችን ውድ ዕቃ አይደለም። ጎኑ ቀጥ ያለ ባለ 2 ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። አናቱን ቆርጠን፣ ገልብጠን፣ እዚያው አፉ ላይ እንደፋዋለን። ታቹ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምረን ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ እናደርግበትና «0» ብለን እናሰምራለን። ከዚያ መስመር ወደ ላይ ማስመሪያ እንለጥፋለን። ጠርሙሱን ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን እንጨት ላይ እናስራለን። ከዛፍ ወይም ከቤት ሲርቅም፣ ቢያንስ የዛፉን ወይም የቤቱን ቁመት ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። ቡናና የጥላ ዛፍ በሞላበት አገር እንዲህ ያለ ገላጣ ቦታ ማግኘት ከሥራው ሁሉ ይከብዳል። የመስጂድ ግቢና የትምህርት ቤት ሜዳ የጠቀመን ለዚህ ነው።

የምናነበው ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። የአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎችም የ24 ሰዓቱን ዝናብ የሚያነቡት በዚሁ ሰዓት ነው። አንብበን ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ ውሃውንም ወደ ዜሮው እንመልሳለን። ባልዘነበበት ቀንም «0» ተብሎ ይጻፋል። ባዶ መስመር «አልዘነበም» ይሁን «ማንም አላየም» አይታወቅም፤ ዜሮ ግን ምስክር ነው።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የጣለን ዝናብ «ከባድ ዝናብ» ይለዋል። 30 ሚሊ ሜትር የሦስት ጣት ስፋት እንኳን የማይሞላ ነገር ነውና ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ግን እናስላው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ጣሪያው 80 ካሬ ሜትር በሆነ ቤት ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,200 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል 16 መሆኑ ነው። በአንድ ሄክታር ላይ ሲሆን 400,000 ሊትር ይደርሳል። ባለ 10,000 ሊትር የውሃ ቦቴ 40 ጊዜ ሊመላለስ ነው ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ሌሊት፣ ያውም ለአንድ ሄክታር ብቻ። ይህን ስሌት መጀመሪያ በሰሌዳ ላይ ያየን ቀን ዝም ነው ያልነው።

*ቡናው ምን ይላል?*

አንድ ቡና አምራች አባታችን ጠርሙሱን አይተው ሳቁብን። «ልጆቼ፣ ዝናብን አላህ ያወርደዋል እንጂ በጠርሙስ ይሰፈራል እንዴ?» አሉን። «አባባ፣ እኛ የምንሰፍረው ወርዶ ያገኘነውን ነው» አልናቸው። ትንሽ አሰቡና እሳቸውም እንደሚቆጥሩ ነገሩን፤ የሚቆጥሩት በቀን ነው። በበጋው የቡናው እምቡጥ ደርቆ ይተኛል። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲመታው ይነቃል፤ ከስምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜም ማሳው ሁሉ ነጭ ይለብሳል፣ ሽታው መንገደኛን ያቆማል።

ነገሩ ያለው «ደህና ዝናብ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ዝናቡ ካፊያ ብቻ ሆኖ ከቆየ እምቡጡ በአንድ ጊዜ አይነቃም፤ ከፊሉ ዛሬ፣ ከፊሉ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያብባል። ያኔ ፍሬውም እኩል አይቀላም፤ ለቀማውም በየዙሩ ይሆናል፣ ወጪውም ይጨምራል። አበባው በፈነዳበት በዚያ ሁለት ሦስት ቀን ደግሞ ዶፍ ከወረደበት ብዙው ሳይፀነስ ይረግፋል። ከአበባ እስከ ቀይ ፍሬ ከ7 እስከ 9 ወር ነው። በመጋቢት አንድ ሌሊት የጣለ ዝናብ በጥቅምት ቤተሰቡ የሚበላውን ይወስናል ማለት ነው። አሁን አባባ በየጠዋቱ የልጅ ልጃቸውን «ስንት ሞላ በልልኝ» ብለው ይልኩብናል። የሳቸው ቀን ቆጠራና የኛ ሚሊ ሜትር አንድ ደብተር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

*መሬቱ የጠገበ ጊዜ*

ደብተሩ ሲሞላ አንድ ነገር አስተዋልን። የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ደረቅ መሬት ላይ የወረደ 40 ሚሊ ሜትር አፈሩ ይጠጣዋል። ለአምስት ቀን ሲዘንብበት በቆየ መሬት ላይ የወረደ 40 ሚሊ ሜትር ግን መግቢያ የለውም፤ ወይ ወንዝ ይሆናል፣ ወይ ተራራውን ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ ከዕለቱ ቁጥር አጠገብ ያለፉትን ሰባት ቀናት ድምር እንጽፋለን።

በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬቱ ተናደ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጣ የተሰበሰበውን ሰው ሁለተኛው ናዳ ደረበበት። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ብዙዎቹ ጎረቤታቸውን ለማዳን በእጃቸው ሲቆፍሩ የነበሩ ናቸው። የኛም ሰፈሮች ብዙዎቹ ገደላማ ላይ ናቸው። ዳገቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ካዘመመ፣ የምንጩ ውሃ ድንገት ከደፈረሰ፣ እየዘነበ ወንዙ በድንገት ከጎደለ፣ ያ ቦታ የሚቆሙበት አይደለም። አንዴ ከተናደ ደግሞ ዳገቱ ገና አልጨረሰ ይሆናል።

*በዚያ ምሽት*

ከሰፈራችን አንድ ጅረት ያልፋል። በበጋ ሕፃናት ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። ከመግሪብ በኋላ ቁርኣን የሚቀሩ ልጆች ግማሾቹ የሚመጡት ከወዲያ ማዶ ነው። ከላይ ደጋው ላይ የሚኖር ጓደኛችን እንደኛው መለኪያ አለው፤ ያየውን በስልክ ይነግረናል።

አንድ የሚያዝያ ምሽት እኛ ጋ ካፊያ ብቻ ነበር። ልጆቹ ቀርተው ጨርሰው ጫማቸውን እያደረጉ ሳለ ስልክ ተደወለ። «እዚህ ከዓስር ጀምሮ እየወረደ ነው፤ 30ን አልፏል፤ አሁንም አላቆመም። ልጆቹን እንዳትለቋቸው!» ኡስታዙ ልጆቹን መልሰው አስቀመጧቸው፤ ወላጆቻቸውም ጋ ተደወለ። አንዳንዱ ወላጅ «ምን ዝናብ አለና ነው?» ብሎ ተቆጣ። ብዙም ሳይቆይ ጅረቱ ድምፁን ቀየረ። ግንድና ቅጠል የተሸከመ ቡናማ ውሃ መሻገሪያውን ድንጋይ ሁሉ ውጦ ወረደ። ሰማዩ እኛ ጋ ያኔም ካፊያ ነበር።

እዚያ ቦታ ጉልበት ድረስ ውሃ ይበቃል። በኃይል የሚሮጥ 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ እንኳ ትልቅ ሰው ይጥላል። ልጆቹ ያን ሌሊት መድረሳ አደሩ። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ቀላል ነው፦ ከላይ 30 ከተባለ ማንም አይሻገርም፤ የማዶ ልጆች በዚያው ማዶ ይቀራሉ። ከባድ ዝናብ ሲኖር በቤት መስገድ እንኳን የተገራ ነው፤ አንድ ምሽት ትምህርት ቢቀር ምንም አይደለም።

*«ይህ ገይብን መናገር አይሆንም?»*

ይህን የጠየቁን ወንድሞች አሉ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። እኛ ነገ ምን እንደሚሆን አንናገርም። የጠርሙሱ ውሃ የወረደ ውሃ ነው። ላይ የዘነበ ውሃ ወደ ታች መምጣቱም ገይብ አይደለም፤ አላህ (ሱ.ወ.) ባስቀመጠው ሰበብ የሚሄድ ነገር ነው። ባለሙያዎቹ የሚያወጡት የወቅት ትንበያም ቢሆን «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» ብሎ ዕድሉን ያመዛዝናል እንጂ በእርግጠኝነት አይምልም።

ደግሞም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዝናብ ሲያዩ ጠቃሚ ዝናብ እንዲሆን ዱዓ ያደርጉ እንደነበር እናውቃለን። አነስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የጁሙዓውን ታሪክም አስታውሱ። በአንዱ ጁሙዓ ሰው መጥቶ ዝናብ እንዲለመንለት ጠየቀ፤ በቀጣዩ ጁሙዓ ንብረት መጥፋቱንና መንገድ መቆረጡን የሚናገር ሰው መጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያኔ የለመኑት ዝናቡ በኛ ላይ ሳይሆን በዙሪያችን፣ በኮረብታው፣ በሸለቆውና ዛፍ በሚበቅልበት እንዲሆን ነው። ዝናብ ረሕመት ነው፤ የት እና ምን ያህል የሚለው ግን ያኔም ጉዳይ ነበር።

*አንድ ጠርሙስ አይበቃም*

በዚያ ምሽት እኛ ጋ ካፊያ፣ ከላይ ዶፍ የሆነው ለምን እንደሆነ ስንጠያይቅ በሩቅ አገር የሆነ ታሪክ አገኘን። እ.ኤ.አ. በጁላይ 28 ቀን 1997 በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ ከተማ ድንገተኛ ጎርፍ 5 ሰዎችን ገደለ። በከተማዋ አንድ ጫፍ ከ350 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ሲወርድ በሌላው ጫፍ የወረደው ከ50 ሚሊ ሜትር በታች ነበር። ራዳርና ሳተላይት ባለው አገር ይህን ልዩነት በዝርዝር ያሳየው በየግቢው የነበረ መለኪያ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1998፣ እዚያው ኮሎራዶ ውስጥ የፈቃደኛ ዝናብ ለኪዎች ስብስብ ተመሠረተ፤ «ኮኮራስ» ይባላል። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ተራ ሰዎች፣ ጡረተኛው፣ ገበሬው፣ ተማሪው፣ በየጠዋቱ ከግቢያቸው አንብበው ይልካሉ።

ከሚዛን እስከ ቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከሉ ስንት ኮረብታና ሸለቆ አለ። ሳተላይት ደመናውን ከላይ አይቶ ይገምታል፤ ግምቱ የሚታረመው መሬት ላይ በተለካው ነው። የኛ ውሃም እኛ ጋ አይቀርም። በባሮ፣ በጊሎና በአኮቦ አድርጎ ወደ ጋምቤላ ሜዳ ይወርዳል። እኛ ጋ የተለካ ዝናብ ታች ላሉት ወንድሞቻችንም ወሬ ነው።

*ምን እናድርግ?*

1. በየሰፈራችሁ አንድ መለኪያ ትከሉ። ጠዋት 3 ሰዓት አንብቡ፣ ዜሮውንም ጻፉ። አንድ ሰው ብቻውን ይሰለቻል፤ ሦስት ሆናችሁ ተፈራረቁ።

2. ከላይኛው ሰፈር አንድ ሰው፣ ከታችኛው አንድ ሰው ስልክ ተለዋወጡ። ሃይማኖቱም ብሔሩም አይጠየቅም፤ ጎርፍ አይጠይቅምና።

3. ማስጠንቀቂያ የማውጣት ሥልጣን የኢንስቲትዩቱና የሚመለከታቸው አካላት ነው። እናንተ ያያችሁትን ቁጥር፣ ቦታና ሰዓት ብቻ ተናገሩ። በየበልጉ የሌላ አገር ጎርፍ ቪዲዮ «ዛሬ ቴፒ» ተብሎ ይዞራል፤ ሳታጣሩ ሼር አታድርጉ። ዛሬ በሐሰት የተደናገጠ ሰው ነገ እውነቱን ስትነግሩት አይሰማችሁም።

4. ደብተሩን ጠብቁት። የአምስት ዓመት ደብተር ያለው ሰፈር ድልድይ ሲጠይቅም፣ ቤት የሚሠራበትን ሲመርጥም «ብዙ ይዘንባል» ብሎ አይከራከርም፤ ስንት እንደሚዘንብ ያሳያል።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ባዶ ጠርሙስ፣ አንድ ማስመሪያና በቀን ሁለት ደቂቃ ነው። አላህ ዝናባችንን ጠቃሚ ያድርግልን፤ ቡናችንን ይባርክልን፤ ልጆቻችንን ከጎርፍና ከናዳ ይጠብቅልን። ኣሚን። ለጓደኞቻችሁ አድርሱልን።