እሬት በቆርቆሮ

በዶርማችን መስኮት ላይ አንድ የዘይት ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ በቆርቆሮው ውስጥ ያለችው እሬት ናት። ሌሎች ተማሪዎች በመስኮታቸው ላይ የሚያስቀምጡት ሌላ ነው፤ አንዱ ካልሲውን ያሰጣል፥ ሌላው ፔርሙሱን ያቆማል፥ ሌላው ደግሞ ያላነበበውን መጽሐፍ አላፊ አግዳሚ እንዲያይለት ይደረድራል። ስለዚህ ወደ ክፍላችን የገባ እንግዳ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቀናል። እሬት ነው ስንለው ፊቱን ያጨማድዳል፤ ሳይቀምሰው መረረው ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ምነው፥ ጽጌረዳ ጠፋ?» የሚል ነው። ለያንዳንዱ እንግዳ ከመመለስ አንድ ጊዜ ጽፈን ብንገላገል ይሻላል ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን።

«እኛ» የምንለው ለማዕረግ አይደለም። ሁለት ወንድማማቾች ነን፤ ታላቁ ታሪክ፥ ታናሹ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ያጠናል። የተወለድነው በዋግ ኽምራ፥ በአበርገሌ ነው። አበርገሌ ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወርዱ የሚገኝ ሞቃት አገር ነው፤ የወረዳው ከተማ ኒሯቅ ይባላል። ማሽላ፥ ማር፥ ፍየልና የዕጣን ዛፍ አለው። ውሃ ግን ጥቂት ነው።

በአገራችን እሬትን ማንም አይተክላትም፤ ድንጋያማ ተረተር ላይና ከአጥር ሥር ራሷ ትበቅላለች። ፍየል ያገኘውን ሁሉ ሲቀጥፍ እርሷን ግን አሽትቶ ያልፋታል። እሳት የነካው ሰው ቅጠሏን ሰንጥቆ ውስጡን ይቀባል። ከሁሉ ይልቅ የምትታወቀው ግን ጡት በማስጣል ነው። እናት ልጇን ጡት ልታስጥል ስትነሣ፥ ከተቆረጠው ቅጠል የሚንጠባጠበውን ቢጫ ፈሳሽ በጡቷ ጫፍ ላይ ትቀባለች። ሕፃኑ ይቀምሳል፥ ያለቅሳል፥ ደግሞ ይሞክራል፥ በመጨረሻ ይተዋል። እኛም ሁለታችን ከእናታችን ጡት የተሰናበትነው በዚሁ መንገድ ነው። በዚህ ዓለም የመጀመሪያውን ክህደት ያየነው በእሬት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ወደ እኛም አገር ደረሰ፤ በ2014 ዓ.ም. ከአበርገሌ ብዙ ሕዝብ ወደ ሰቆጣ ተፈናቀለ። ቤተሰባችንም ከዚያው ውስጥ ነበረ። እናታችን ከቤት ስትወጣ ያነሣችው ብርድ ልብስ፥ ድስት፥ ጥቂት ዱቄትና አንዲት ከነሥሯ የተነቀለች እሬት ነበር። አባታችን «በዚህ ቀን ደግሞ እሬት?» ብሎ ቢቆጣት፥ «ልጅቷ ጡት የምትጥልበት ጊዜ ደርሷል፤ ሰቆጣ ገብቼ ከማን ደጅ እለምናለሁ?» ብላ መለሰችለት። ታናሽ እኅታችን ያን ጊዜ ዓመት ከመንፈቅ አልፏት ነበር።

በመጠለያው ደጃፍ፥ የእርዳታ ዘይት በነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ ተከለቻት። ወራት አለፉ። እሬቷ ሥር ሰደደች፥ ቅጠሏም ወፈረ፤ ልጅቷ ግን ጡት አልጣለችም። አንድ ቀን ታላቁ ከእኛ «ምነው እማ፥ መቼ ልትቀቢ ነው?» ቢላት፥ «አስጥያት ምን ላብላት?» አለችው። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም አልጠየቅናትም። ሰላም ወርዶ ቤተሰባችን ወደ ቀዬው ሲመለስ፥ እኛም ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመጣ፥ ከእሬቷ ግንድ ሥር የበቀሉ ሁለት ልጆቿን ነቅላ ሰጠችን። ቆርቆሮውንም ጨምራ ሰጠችን።

አሁን ኃጢአታችንን እንናዘዝ። የመጀመሪያዪቱን ገደልናት፤ የገደልናትም በውሃ ነው። ውሃ በወረፋ ከሚቀዳበት አገር መጥተን ቧንቧ ሲከፈት ሲፈስ ብናይ፥ ታላቁ ወንድም ፊቱን በታጠበ ቁጥር አንድ ኩባያ ለእርሷ ማፍሰስ ልማድ አደረገ። አፈሩ ከግቢው የተዛቀ ጥቁር ጭቃ ነበር፤ ቆርቆሮውም ከሥሩ አልተበሳም። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሏ እንደ ተቀቀለ ድንች ለሰለሰ። ታላቁ «ውሃ አንሷት ነው» ብሎ ጨመረበት። በአራተኛው ሳምንት ስንነካት ከሥሯ ተገንጥላ በእጃችን ቀረች፤ ሽታውን የክፍላችን ልጆች እስከ ዛሬ ያነሡብናል። ታናሹ ታላቁን ገዳይ ብሎ ሰደበው፤ ታላቁም ታናሹን ተባባሪ አለው። ሁለት ቀን ሳንነጋገር ዋልን።

በሦስተኛው ቀን ለእናታችን ስልክ ደወልን። ሳቀችብን። «ልጆቼ፥ ቆርቆሮውን በስታችሁታል?» አለች። አልበሳነውም። «አሸዋስ ጨምራችኋል?» አልጨመርንም። «ታዲያ እኮ የተከላችኋት ጉድጓድ ውስጥ ነው።»

ሁለተኛዪቱ እሬት በዚህ ሁሉ ጊዜ በጋዜጣ እንደ ተጠቀለለች ከሎከራችን ጀርባ ተረስታ ነበር። ከአንድ ወር በላይ ያለ አፈርና ያለ ውሃ ቆይታለች። ስንፈታት ቅጠሏ ሳስቶ፥ ጠርዙም ወደ ውስጥ ተጠምልሎ ነበር፤ ነገር ግን ሕያው ናት። ይህን ጊዜ ነው ነገሩ የገረመንና በአራት ኪሎ ሳይንስ የሚማር አንድ ጓደኛችንን የጠየቅነው።

ጓደኛችን እንዲህ ብሎ አስረዳን። ብዙዎቹ ዕፅዋት በቅጠላቸው ላይ ያሉትን ረቂቅ ቀዳዳዎች ቀን ከፍተው አየር ያስገባሉ፤ በዚያው ቀዳዳ ግን ውሃቸው በፀሐይ እየተነነ ይወጣባቸዋል። እሬትና መሰሎቿ ቀን በራቸውን ዘግተው ይውሉና ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይከፍታሉ። ሌሊት የሳቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ማሊክ አሲድ ለውጠው ያጠራቅማሉ፤ በነጋታው ፀሐይ ስትወጣ በሩን ሳይከፍቱ ከዚያው ጎተራ እያወጡ ምግባቸውን ይሠራሉ። በሕንድ አገር ይሠራ የነበረ ቤንጃሚን ሃይን የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ፥ ዛሬ 200 ዓመት ገደማ ይሆናል፥ ከእንዳሁላ ወገን የሆነች አንዲት ተክል ቅጠሏን ጠዋት ቢቀምሰው ጎመዘዘው፤ እኩለ ቀን ላይ ቢቀምሰው ግን ጣዕም አጣበት። ጠዋት የቀመሰው ሌሊት የተጠራቀመውን አሲድ ነበር። (አንባቢ ሆይ፥ አንተ ግን አትቅመስ፤ በእንዳሁላ ወገን ውስጥ ለልብ መርዝ የሆኑ አሉ።) እኛም ይህን ስንሰማ የአበርገሌን በጋ አስታወስን፤ በዚያ ሙቀት አስተዋይ ሰው ሥራውን በማለዳና በምሽት ሠርቶ ቀትሩን በጥላ ያሳልፋል።

ያው ጓደኛችን በኢትዮጵያና በኤርትራ ምድር ከ40 የሚበልጡ የእሬት ዓይነቶች እንዳሉ አጫወተን። አንዲቱ በደብረ ብርሃን፥ አንዲቱም በአንኮበር ገደል ስም ተሰይመዋል። በየሱቁ በሳሙናና በቅባት ላይ ስሟን የምናየው አሎ ቬራ ግን መነሻዋ ከዐረብ ምድር ነው። ከደጃችን የበቀሉትን ትተን የባሕር ማዶዪቱን በገንዘብ መግዛታችን ታላቁን ወንድም አንድ ምሽት ሙሉ ንግግር አስደርጎታል፤ እዚህ አንደግመውም።

ለመትከል ለሚፈልግ ሰው የተማርነው ይህ ነው። ልጂቱን ከእናቷ ስትገነጥል ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ አቆያት። የቆርቆሮውን ሥር በምስማር ደህና አድርገህ ብሳ። ከአፈሩ ግማሽ ያህሉ የወንዝ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር ይሁን። ጣትህን ወደ አፈሩ ስደድ፤ እርጥበት ካገኘህ ውሃውን ተወው፥ ፈጽሞ ከደረቀ ግን ከሥሩ እስኪንጠባጠብ አጠጣ። በበጋ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃታል፤ በአዲስ አበባ ክረምትና ብርድ ከዚያም ያነሰ። ውሃው በቅጠሎቿ መካከል አይቋት። ከሁሉ በላይ ብርሃን ስጣት። በጥላ የኖረችውንም በአንድ ጊዜ ወደ ፀሐይ አታውጣት፥ ትቃጠላለችና። ይኸው ነው፤ ሌላ ሥራ የላትም።

በዚህ ዓይነት ሁለተኛዪቱ ዳነች፤ ልጅም ወለደች፥ ልጂቱንም ለዚያው ለሳይንስ ጓደኛችን ሰጠነው። እንግዶቻችን እሬታችንን ማድነቅ ጀመሩ። «ምንም አትፈልግም፤ እንዲህ ያለ ነገር ነው መትከል!» ይላሉ። ከክፍላችን ልጆች አንዱ ደግሞ በቅን ልቦና «እንደ እናንተ አገር ሰው ናት፤ ችግር የለመደች» አለን። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ደስ አለን። ዐረብኛ የሚያውቅ ሌላ ጓደኛችንም በዐረቦች ዘንድ የእሬት ስምና የትዕግሥት ስም ከአንድ ሥር የወጡ እንደ ሆኑ፥ ሁለቱም «ሰብር» እንደሚባሉ ነገረን። ታናሹ ወንድም በዚህ ላይ ግጥም ጀመረ። ግጥሙ አላለቀም፤ ያላለቀበት ምክንያት የሚከተለው ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት ወደ አገራችን ስንሄድ እሬታችንን በተዘጋው ክፍል፥ ከአልጋ ሥር ትተናት ሄድን። ምንም አትፈልግም አይደል? ቤት ስንደርስ ታናሽ እኅታችን ሮጣ ተቀበለችን። ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ፍየሎቹን በየስማቸው ትጠራለች። የጎረቤት ልጅ አጠገቧ ቆመ። በዓመት ታንሰዋለች ብለን ስናስብ እናታችን አንድ ዓመት እንደምትበልጠው ነገረችን፤ ቁመቷ ግን ከትከሻው አያልፍም። በሰቆጣ ሳለን የጤና ሠራተኞች ክንዷን በሚለኩበት ጥብጣብ ወሩን ሁሉ ቢጫው ላይ ትቆም ነበር። ወደ ቀዬአቸው በተመለሱበት በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በዋግ ዝናቡ አነሰና ድርቅ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ «ተመስገን፥ ያን ሁሉ ችላ ወጣች፤ የእኛ አገር ልጅ ብርቱ ነው» ይላል። እኛም ከጎረቤቱ ጋር ተመስገን አልን።

ስንመለስ በሩን ከፍተን መጀመሪያ ያየነው ከአልጋው ሥር ነው። እሬታችን አልሞተችም። የክፍላችን ልጆች ተሰብስበው አጨበጨቡላት፤ «አላልናችሁም?» አሉን። በነጋታው ያ የአራት ኪሎ ጓደኛችን የእርሱን ይዞ መጣ፤ በፀሐይ መስኮት አኑሮ በልክ ሲያጠጣት የከረመውን ልጂቱን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን በማስመሪያ ለካናቸው። ልጂቱ እናቷን በአራት ጣት በልጣለች፤ ሦስት ልጆችም ወልዳለች። የእኛይቱ አንዲት አዲስ ቅጠል እንኳ አላወጣችም፤ ያሏትም ገርጥተዋል። ጓደኛችን አገላብጦ አያትና «ቀንጭራለች» አለ።

ይህን ቃል ስለ ተክል ሲነገር የሰማነው ያን ቀን አልነበረም። ስለ ማሽላም፥ ስለ ጤፍም ሲባል እየሰማን አድገናል። ነገር ግን ሁለታችንም ዝም አልን፥ አንዳችን የሌላውን ፊት ማየት አልቻልንም። «ችላ ወጣች» ስንል ወጣችበትን እንጂ የከፈለችበትን እንዳልለካን ያን ጊዜ ገባን።

ይህን የምንጽፈው ወቀሳ ለማብዛት አይደለም። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. እንዲጠፋ የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል፤ ስሙ የከተማችን ስም ነው፥ ቀኑም ሩቅ አይደለም። የአበርገሌ ፍየልም በድርቅ ቻይነቱ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም በሰቆጣ ያለው የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ቻይ ነው ብሎ አልተወውም፥ ከአርቢዎቹ ጋር ሆኖ መልካም አውራ እያስመረጠ ዝርያውን ለማሻሻል ሠርቷል። ፍየል ይህን ያህል ከታሰበለት፥ «ችግር የለመደ ሕዝብ» የሚለውን ቃል በልጅ ላይ ስንናገረው ትንሽ ማሰብ አይገባንምን? እኛ ራሳችን ቃሉን እንደ ሽልማት ተቀብለን በደረታችን ላይ አንጠልጥለነው ነበርና ከሌላው ይልቅ ራሳችንን እንወቅሳለን። እሬት በጥቂት ውሃ ትኖራለች፤ ያ ጥቂት ግን በጊዜው የሚሰጥ ጥቂት ነው፥ ብርሃኑም ሙሉ ነው። ከአልጋ ሥር ለጣላት ሰው ያለመሞቷ ምስክርነት አይሆነውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆርቆሮው በመስኮቱ ላይ ነው። ታላቁ ወንድም ውሃ የሚያጠጣበትን ቀን በግድግዳው ላይ ይጽፋል፤ ታናሹ በጣቱ ይፈትሻል፤ አሁንም እንጣላለን። ሁለት አዲስ ቅጠል አውጥታለች። እናታችን ስትደውል በመጀመሪያ የምትጠይቀን ስለ ፈተና አይደለም፥ «እሬቴ እንዴት ናት?» ነው የምትለው፤ እኛም ወዲያው «እኅታችንስ ምን በላች?» ብለን እንጠይቃታለን። ቀድሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ አንጠይቅም ነበር።

የአራት ኪሎው ጓደኛችን ከሦስቱ ልጆች ሁለቱን መልሶ ሰጥቶናል። ፈላጊ ካለ በነፃ እናድላለን፤ ቆርቆሮ ወይም ጣሳ ይዞ ይምጣ። ሥሩን ሳይበሳ የመጣ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል።