ቋንቋ ከነባህሉ፦ ከኮልፌ የተላከ ደብዳቤ

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አዲስ አበባ



ሁለተኛ ቋንቋ የሚማር ሰው የቃላቱን ፍቺና የግሡን እርባታ ከመጽሐፍ ያገኛል። የትኛው አነጋገር ለማን፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚባል የሚያስተምረው ግን የተናጋሪዎቹ ኑሮ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ዴል ሃይምስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን ችሎታ ከሰዋስው ዕውቀት ለይተው የተግባቦት ብቃት የሚል ስም ሰጥተውታል። ኮልፌ ቀራኒዮ ደግሞ ነገሩ በየደጁ የሚታይበት ክፍለ ከተማ ነው። ከአጣና ተራ እስከ አየር ጤና ባሉት ሰፈሮች ከጉራጌ፣ ከስልጤ፣ ከጋሞና ከኦሮሞ አካባቢዎች የመጡ ቤተሰቦች ከአማርኛ ተናጋሪዎች ጋር ተጎራብተው ይኖራሉ፤ በዕድሜ ከገፉት ብዙዎቹ አማርኛን የለመዱት ክፍል ገብተው ሳይሆን በገበያና በጉርብትና ነው።

የገበያው አማርኛ ቶሎ ይያዛል። ዕቃው ከፊት ተዘርግቷል፣ ዋጋውን በጣት ማሳየት ይቻላል፤ ሻጭና ገዢም ስለሚፈላለጉ ስህተት አይለቃቀሙም። አስቸጋሪው የጉርብትናው ነው። እንግዳ ምግብ ሲቀርብለት "በልቼ ነው የመጣሁት" ይላል፤ የቤቱ እመቤት "በሞቴ" ብላ ትለምነዋለች፤ እንደገና ያመነታል፤ በመጨረሻ እጁን ይታጠባል። ቋንቋውን ገና የሚለምድ ጋባዥ ያንን የመጀመሪያ መልስ እንደ ቁርጥ ነገር ወስዶ ማዕዱን ቢያነሳ፣ ዓረፍተ ነገሩን በትክክል ሰምቷል፤ የተባለውን ግን አልሰማም። አክብሮትም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ ልጅ ወላጅ እናቱን "አንቺ" ይላል፤ የጎረቤቱን እናት "እርስዎ" ይላል፤ አማኝ በጸሎቱ ፈጣሪውን "አንተ" ይለዋል። የሰዋስው መጽሐፍ ሰንጠረዥ ተውላጠ ስሞቹን ይዘረዝራል እንጂ በቅርበትና በክብር መካከል ያለውን ርቀት መለካት አያስተምርም።

ከሁሉ የሚከብደው ለቅሶ ቤት ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፤ ጎረቤት ከሥራ መልስ እየመጣ ከሐዘንተኛው ጋር ያመሻል። እዚያ ንግግር ማብዛት አያጽናናም፤ ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ሲነሱም "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ማለት ይበቃል። የሙስሊም ቤት ከሆነ "አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ" ይባላል፤ ኮልፌ ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ስለሚኖሩ ለማጁ ሁለቱንም ይዞ መገኘት አለበት። ዝምታው ራሱ የቋንቋው አካል ነው፤ የመማሪያ መጻሕፍት ግን ምዕራፍ ሲሰጡት እምብዛም አይታይም። እድር የገባ ሰው በድንኳኑ ውስጥ፣ በስብሰባውና በሽምግልናው የሚሰማው አነጋገር በየትኛውም ክፍል የሚተካ አይደለም።

እዚሁ ክፍለ ከተማ ዘነበ ወርቅ ሰፈር የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ሌላ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም አንዱ ዓላማው ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ባለሙያዎችን በሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠን ነበር። ሕሙማንም ከአገሪቱ አራት ማዕዘን እየመጡ ብዙዎቹ እዚያው አካባቢ ኑሯቸውን መሠረቱ። እንዲህ ባለ ቦታ የሚሠራ የውጭ አገር ሐኪም "የት ያምዎታል?" ብሎ መጠየቅ መቻሉ አይበቃውም። ደዌው ለዘመናት እንደ መለኮት ቁጣ ወይም በዘር እንደሚወርድ ነገር ይታይ እንደነበር፣ በሽተኛውን የሚያዋርዱ መጠሪያዎች ዛሬም እንዳሉ ካላወቀ፣ ታማሚው የቆዳውን ምልክት ለምን እንደደበቀ አይገባውም። ምልክቱ ተደብቆ የቆየ እንደሆነ ደግሞ ነርቭ ይጎዳል፤ እዚህ ላይ የባህል ዕውቀት የጤና ጉዳይ ይሆናል።

ከዚህ ክፍለ ከተማ ጋር ስማቸው የሚነሳው ኔልሰን ማንዴላ ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። በዚያው ዓመት አገራቸው ተመልሰው ከተያዙ በኋላ፣ በሮበን ደሴት እስር ቤት የአሳሪዎቻቸውን ቋንቋ አፍሪካንስን ተማሩ። ከጓዶቻቸው መካከል የጨቋኝ ቋንቋ ነው ብለው የተጠየፉት ነበሩ። ማንዴላ ግን በሰዋስው ሳይወሰኑ የቋንቋውን ባለቤቶች የአፍሪካነሮችን ታሪክ አነበቡ፣ አጥብቀው የሚወዱትን ራግቢም አወቁ፤ ከጠባቂዎቹ ጋር በቋንቋቸው እያወሩ የሚያስፈራቸውንና የሚያኮራቸውን ለዩ። እ.ኤ.አ. በ1995 የራግቢ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የአገራቸውን ብሔራዊ ቡድን የስፕሪንግቦክን ማሊያ ለብሰው ሜዳ መግባታቸው የዚያ ረጅም ትምህርት ፍሬ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም።

በኮልፌ ግን ትምህርቱ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ ይህም ያሳዝናል። ከሌላ ቋንቋ የመጣው አማርኛን ከነባህሉ ይማራል። አማርኛ ተናጋሪው በመስቀል ከጉራጌ ጎረቤቱ ቤት ክትፎ ይበላል፣ በዒድ ከስልጤው ቤት ይጋበዛል፤ በገበታው ላይ በጎረቤቱ ቋንቋ የሚወርደውን ምርቃት ግን አብዛኛውን ጊዜ "አሜን" ብሎ ይቀበለዋል እንጂ አይረዳውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲማሩ መንገድ ከፍቷል። የጎረቤትን ቋንቋ መማር ግን ባመዛኙ ለየቤተሰቡ ፈቃድ የተተወ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ አለ፤ ምርቃቱን የሚያውቁ እናቶች፣ አብረው የሚጫወቱ ልጆች፣ በየበዓሉ የሚዘረጋ ማዕድ።