ጩኸቱ ከየት ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ የሚወስደው አሮጌው መንገድ ዱከምን አቋርጦ ያልፋል። እኔም በዚሁ መንገድ ሚኒባስ እነዳለሁ።

አምና ቴፕና አምፕሊፋየር አስገጠምኩ። ሞተሩን ሳስነሳ እስፒከሩ ይጮኻል። ነዳጅ ስሰጥ ጩኸቱ ይቀጥናል፤ ስለቅ ይወፍራል። «እስፒከሩ ተበላሽቷል፤ ሌላ ግዛ» አሉኝ። የእስፒከር ዋጋ ግን የቤቴ አስቤዛ ነው። መጀመሪያ ልፈትሽ አልኩ።

ሞተሩን አጥፍቼ ቴፑን በባትሪ ብቻ ከፈትኩት። ጩኸቱ የለም! እንግዲያው እስፒከሩ ጤነኛ ነው። የሚጮኸው ከዲናሞው የሚመጣው ነው። ዲናሞ ባትሪ ይሞላል። ሞተር ሲፈጥን እሱም ይፈጥናል። ሽቦ በደንብ ካልታሰረ ጩኸቱ ወደ ቴፑ ይገባል።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁና ሽቦዎቹን አየሁ። የቴፑ ኔጌቲቭ ሽቦ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ታስሯል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ቀለሙን በቢላዋ ፍቄ ቡሎኑን አጠበቅሁ። ጩኸቱ ቀነሰ።

ትንሽ ግን ቀረ። ለካ የድምፁ ገመድና የባትሪው ገመድ አንድ ላይ ታስረዋል። አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ አሳለፍኩ። ያን ጊዜ ጸጥ አለ።

ወንድሜ ሹፌር፣ ሞተር ጠፍቶም የሚንጫጫ ከሆነ የእስፒከሩን ሽቦ እይ። ተልጦ ብረት እየነካ ይሆናል። ስትሠራ ፊውዙን አውጥተህ ሽቦ በቀጥታ አታገናኝ። ፊውዝ መኪናህን ከእሳት ይጠብቃል።

ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ እወቅ።